ዘሩ የማን ነው?

በቡለን አካባቢ በምትገኝ አንዲት የገጠር ጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ ወጣቶች ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚሆን ጉድጓድ ሲቆፍሩ እኛም በአጋጣሚ በዚያው ነበርን። ጉድጓዱ እስከ ሰው ወገብ ድረስ እንደ ጠለቀ የአፈሩ መልክ ተለወጠ፤ በቀዩ አፈር መካከል ግራጫ የአመድ መስመር ታየ፤ በአመዱም ውስጥ ሦስት የሸክላ ገሎችና እንደ ከሰል የጠቆሩ ደቃቅ ፍሬዎች ተገኙ። ከወጣቶቹ አንዱ ፍሬዎቹን በባዶ የክብሪት ቀፎ ሰብስቦ አመጣልንና፣ «አባ፣ እስቲ ይመልከቱት፤ ይህ ዘር የማን ነው?» ሲል ጠየቀን።

በመጀመሪያ የተጠየቅነው ስለ እህሉ ዓይነት መስሎን ነበር። ዳጉሳ ይሁን ማሽላ ለመለየት ወደ ብርሃን አስጠግተን ስንመለከት፣ በጉድጓዱ ዙሪያ የቆሙት ሁሉ ዝም ማለታቸውን አስተዋልን። ከመካከላቸው የጉሙዝ ልጆች ነበሩ፤ የሽናሻ፣ የአማራ፣ የኦሮሞና የአገው ልጆችም ነበሩ። ያን ጊዜ ጥያቄው ሌላ መሆኑ ገባን። በአማርኛችን «ዘር» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ ገበሬው በእርሻው የሚበትነውን ፍሬ ይሰይማል፤ ሰውም ከማን ወገን እንደ ተወለደ ይናገራል። ወጣቱ የጠየቀው ስለ ሁለተኛው ነበር፤ ከሁሉ በፊት በዚህ ምድር የነበረው የማን አያት ነው ማለቱ ነበር።

ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከምድር ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ፍሬ ስለ ሰው ምን ሊነግረን ይችላል? የሚነግረንስ ነገር በዛሬ ሰው ላይ ምን ዓይነት መብትና ምን ዓይነት ግዴታ ያስከትላል?

የተቃጠለው ይቀራል

የጥንት ዕፅዋትን ቅሪት በመመርመር ያለፈውን የሰው ኑሮ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ አለ። ከአርኪዮሎጂ ቅርንጫፎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1854 በነበረው ክረምት በስዊዘርላንድ የዙሪክ ሐይቅ ውሃ እጅግ ሲጎድል፣ በሐይቁ ዳር የነበሩ የጥንት መንደሮች ምሰሶዎች ብቅ አሉ። በጭቃው ውስጥ ከተገኘው የእህልና የፍራፍሬ ቅሪት ተነሥቶ ኦስቫልድ ሄር የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በ1865 ስለ እነዚያ ሰዎች ምግብ ጥናት አሳተመ። ነገሥታቱን ሳይሆን ተራውን ሕዝብ፣ ጦርነቱን ሳይሆን እራቱን የሚያጠና ታሪክ እንዲህ መልክ እየያዘ መጣ።

የእኛ ምድር እንደ ሐይቅ ጭቃ አይደለም። በሞቃትና በእርጥብ አፈር ውስጥ የወደቀ ፍሬ ወይ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ በምስጥ ይበላል። የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ በእሳት ተነክቶ የከሰለው ብቻ ነው። ፈጽሞ ከነደደ አመድ ይሆናል፤ ነገር ግን አየር በሚያጥረው አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ከከሰለ ቅርጹን እንደ ጠበቀ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። እንግዲህ አንዲት እናት እህል ስትቆላ ከምጣዱ አፈትልኮ ምድጃው ውስጥ የወደቀው ፍሬ፣ ለቤቱ የጠፋው እርሱ፣ ለታሪክ የተረፈው እርሱ ነው። የተበላው ሁሉ አልፏል፤ ሳይበላ የቀረው ምስክር ሆነ።

ባለሙያዎቹ ይህን ፍሬ የሚያገኙበት መንገድ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። ከእያንዳንዱ የአፈር ደረጃ የተወሰደው አፈር ለየብቻ ምልክት ይደረግበትና በውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ ድንጋዩና አሸዋው ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ከሰል ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው እጅግ በደቀቀ ወንፊት ተይዞ በጥላ ይደርቃል። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ ለትውልድ የኖረው ምስክር በአንድ ቀን ይፈስሳል። የቀረው በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ዕድሜውም በውስጡ ከቀረው የራዲዮአክቲቭ ካርቦን መጠን ይሰላል። ይህን የስሌት ዘዴ ዊላርድ ሊቢ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1949 ለዓለም አስተዋውቆ፣ በ1960 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

የአገራችን ምድር የተናገረው

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በቀድሞው በጌምድር የሚገኝ፣ ላሊበላ ተብሎ የሚጠራ ዋሻ አለ፤ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ አይደለም። ጆአን ዶምብሮቭስኪ በዚያ ያካሄደችውን ቁፋሮ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1970 ስታሳትም፣ 2,500 ዓመት ገደማ የሆናቸው የገብስና የሽምብራ ፍሬዎች መገኘታቸውን አስታውቃለች። በአክሱምም ከ1993 እስከ 1997 ዴቪድ ፊሊፕሰን በመራው ቁፋሮ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ተልባ፣ እንዲሁም ጥጥና የወይን ዘር ተገኝተዋል። ሐውልቱን ያቆሙት ነገሥታት በድንጋይ ላይ ስማቸውን አስጽፈዋል፤ ድንጋዩን የጎተቱት ሰዎች ግን ስለ ራሳቸው የተዉልን ነገር ቢኖር በምድጃቸው የቀረ ምስር ነው።

ወደ ቡለን የሚቀርበው ምስክርነት ግን ከምዕራብ በኩል የመጣው ነው። በምሥራቅ ሱዳን ከካሳላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከ5,000 ዓመት በፊት ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ጭቃቸው እንዳይሰነጠቅ የማሽላ ገለባ ይቀላቅሉበት ነበር። ሸክላው ሲተኮስ ገለባው ነደደ፤ በጭቃው ላይ ያሳተመው ቅርጽ ግን ቀረ። ተመራማሪዎች ያንን ቅርጽ እንደ ማኅተም ገልብጠው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመመርመር በ2017 ያሳተሙት ጥናት፣ እስካሁን ከታወቀው ለማዳ ማሽላ ሁሉ ቀዳሚውን አሳይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አለምሰገድ በልዳዶስም በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የጥንት የምግብ ሰብሎች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ2015 በመጽሐፍ አውጥተዋል።

ማሽላው ለማዳ መሆኑ በምን ታወቀ? የዱር ማሽላ ፍሬ ሲበስል ከዛላው ላይ ራሱ ይረግፋል፤ ስለዚህ የተለያየበት ቦታ ለስላሳ ነው። ሰው የለመደው ማሽላ ግን በዛላው ላይ ይቆያል፤ የሚለየው በመውቃት ስለሆነ ስብራቱ ሸካራ ነው። በካሳላው ሸክላ ላይ ሁለቱም ዓይነት ስብራት ጎን ለጎን ታይቷል። ይህ ማለት በዚያ ዘመን የነበሩ ገበሬዎች አንድ ረጅም ሥራ ጀምረው ገና አልጨረሱም ማለት ነው። ዓመት ከዓመት ያልረገፈውን ዛላ እየመረጡ በመዝራታቸው፣ ዘሩ ሰውን መጠበቅ ተማረ። ይህን የጀመረው ሰው ፍጻሜውን አላየም፤ የልጅ ልጁም አላየም። እኛ ግን በየቀኑ እንበላዋለን።

ከዚያም ወደ ደቡብ፣ በራሱ በአሶሳ አካባቢ በሚገኙት ካዓባና ቤል ኩርኩሙ በተባሉ የድንጋይ ጥላዎች ውስጥ ቪክቶር ፈርናንዴዝና ባልደረቦቹ ቆፍረው፣ ከባልጩት ፋንታ ከነጭ የኳርትዝ ድንጋይ የተፈለጡ መሣሪያዎችንና ከመካከለኛው ሱዳን ጋር የሚዛመድ ጌጥ ያላቸውን ገሎች ማግኘታቸውን በ2007 ጽፈዋል። ዳር አገር ተብሎ የተናቀው ምድር የሰው እግር የረገጠው ትናንት አይደለም።

ስለ አንድ የዳጉሳ ፍሬ

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። «ከሁሉ በፊት ማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ዘሩ መልስ ሊሰጥ ይችላልን? በዚህ ላይ በቡለን በየቤቱ ከሚታወቀው ከዳጉሳ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ብንናገር ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ፊሊፕሰን በአክሱም አጠገብ ጎበድራ በተባለ የድንጋይ ጥላ ሥር ሲቆፍር፣ እጅግ ጥንታዊ በሆነ የአፈር ደረጃ ውስጥ የዳጉሳ ፍሬዎች አገኘ። በ1977 ይህንኑ ሲያሳትም ዜናው ታላቅ ነበር፤ በኢትዮጵያ የእርሻ ጅማሬ በብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ እንዲቆጠር የሚያደርግ ነበርና። ከዓመታት በኋላ ግን አፈሩ ሳይሆን ፍሬው ራሱ በአዲስ ዘዴ ሲመረመር ዕድሜው 1,000 ዓመት ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፍሬው ከላይኛው አፈር ወደ ታችኛው ወርዶ ነበር። የአይጥ ጉድጓድ፣ የምስጥ መንገድ፣ የደረቀ መሬት ስንጥቅ ይህን ለማድረግ ይበቃል። እርማቱም በይፋ ተነገረ፤ የመጀመሪያው ግኝት አድራጊ አልካደውም፤ ተቀበለው።

እኛ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ትንሽ ፍሬ በቀላሉ ቦታዋን ትለውጣለች፤ «ከሁሉ በፊት» የሚል ክብር በአይጥ ጉድጓድ ሊፈርስ ይችላል። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ እውነትን የሚወድ ሰው የገዛ ራሱን ታላቅ ዜና እንኳ አሳልፎ ለመስጠት ይዘጋጃል። ስለ ወገኖቻችን ጥንታዊነት የምንናገር ሰዎች ይህን ያህል ዝግጁ ነን?

ሳይገኝ የቀረውስ?

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ማሽላና ገብስ በእሳት አጠገብ ስለሚውሉ ከስለው ይቀራሉ። ከዱር ተቆፍሮ የሚበላ ሥር፣ ቅጠል፣ ማር፣ በዝናብ ወቅት የሚቆረጠው የቀርከሃ ቡቃያ ግን ከሞላ ጎደል አሻራ ሳይተዉ ያልፋሉ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ለሚሊዮኖች እንጀራ የሆነው እንሰት እንኳ በቁፋሮ እጅግ የሚያስቸግር ተክል ነው፤ ሰው የሚበላው ግንዱንና ሥሩን እንጂ ፍሬውን አይደለምና። እንግዲህ በጫካ የኖረ፣ መሬቱ እንዲያገግም ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ያረሰ፣ ቤቱን በቀርከሃ የሠራ ሕዝብ በድንጋይ ከገነባው ይልቅ ጥቂት ምልክት ይተዋል። ጥቂት ምልክት መተው ግን ጥቂት መኖር አይደለም። «አልተገኘም» እና «አልነበረም» ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው፤ እነርሱን ማምታታት በምርምር ስሕተት፣ በሰው ላይ ግን በደል ነው።

የጉሙዝ ሕዝብ ይህ በደል በብዙ መልክ ደርሶበታል። በጽሑፍ ታሪክ ሲወሳ በገዛ ስሙ ሳይሆን በስድብ ስም ተወስቷል፤ ከደጋውም ከሱዳንም በኩል በመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ለዘመናት ታድኗል። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ የዚያ ዘመን ትዝታ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ወደ 80,000 የሚሆኑ ወገኖች በጣና በለስ ፓዊ ሲሰፍሩ፣ ለመጡት ረኃብተኞች መጠለያ የሆነው ምድር ለነባሩ ሕዝብ የአደንና የእርሻ ስፍራው ነበር። የመጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልመጡም። ሁለት የተጎዱ ሕዝቦች በአንድ መሬት ላይ ተገናኙ።

ምስክር እንጂ የርስት ደብዳቤ አይደለም

አንዳንድ አንባቢ፣ «ነባሩ ሕዝብ እንዲህ ከተበደለ፣ ቀዳሚነቱን ቢያነሣ ምን ያስወቅሰዋል?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥትም በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን በባለቤትነት ሲጠራ ሌሎች ነዋሪ ሕዝቦች መኖራቸውንም አውቋል። ስለ ሕጉ ቃል መከራከር የሕግ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ መብቱ መሠረት ነው።

የተበደለ ሰው መሬቱና ክብሩ እንዲመለስለት የሚጠይቀው ስለ ተበደለና ሰው ስለሆነ ነው፤ አያቱ 3,000 ዓመት ስለቆየ አይደለም። መብቱን በዘሩ ጥንታዊነት ላይ ካቆመው፣ ነገ በታችኛው አፈር ከዚያ የሚቀድም ሌላ ምድጃ ሲገኝ መብቱ አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ጉድጓዱ ወለል የለውም፤ ከእያንዳንዱ አመድ በታች ሌላ አመድ አለ። ከዚህም በላይ ፍሬው የቆላውን ሰው ቋንቋ አይናገርም። ማሽላን ጉሙዙም በላው፣ ሽናሻውም በላው፣ አማራውም በላው። የከሰለ ማሽላ ምን እንደ ተበላ ይመሰክራል፤ በላተኛው ማን ተብሎ እንደ ተጠራ ግን አይመሰክርም።

የዛሬ ማዕዳችንንም እንመልከት። ማሽላው ከዚሁ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ጠረፍ ዓለም ነው። ጤፉ የኢትዮጵያ ነው። ገብሱ፣ ምስሩና ሽምብራው በቅርብ ምሥራቅ ተለምደው ወደ እኛ የመጡ ናቸው፤ በመሥዋዕታችን ኅብስት የሚሆነው ስንዴም እንደዚሁ። በቆሎውና ወጣችን ያለ እርሱ ወጥ አይባልም የምንለው በርበሬ፣ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተሻገረ በኋላ ከአሜሪካ የወጡ ናቸው። እንግዲህ «መጤው ይውጣ» የሚል ሕግ በማዕዳችን ላይ ቢታወጅ፣ እራት ሳንበላ ማደራችን ነው። በአበው ዘንድ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። እውነት ነው፤ ይስባል። ነገር ግን የሚስብ ሁሉ ወደ መልካም አይስብም፤ ፈረሱንም ከገደል የሚያድነው ልጓሙ ነው።

ይህን የምንጽፈው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በንጋት በተከፈተ ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል፤ ቤቶችም ተቃጥለዋል። በዚያ ዘመን በመተከል ሞት ወደ አንድ ወገን ብቻ አልሄደም፤ የሁሉም ወገን እናቶች አልቅሰዋል። በተቃጠለ ቤት ውስጥ ያለ እህል ይከስላል። ከ1,000 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ያንን መሬት ቢቆፍር ዳጉሳና ማሽላ ያገኛል፤ በውሃ ያንሳፍፈዋል፣ በአጉሊ መነጽር ያየዋል፤ «እነዚህ ሰዎች መኸራቸውን ሰብስበው ነበር፤ እሳትም መጣ» ብሎ ይጽፋል። ብሔራቸውን አይጽፍም፤ ፍሬው አይነግረውምና። ለእርሱ ሁላችንም ዳጉሳ የበላን የቡለን ሰዎች ነን።

ከእኛ የሚጠበቀው

ስለ ክብሪቱ ቀፎ አንድ ኑዛዜ ይቀረናል። ፍሬዎቹን ለአንድ የሙያው ሰው ባሳየናቸው ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቁን፣ «ከየትኛው የአፈር ደረጃ ወጡ? ገሎቹስ በየት በኩል ነበሩ?» ብለው ነው። አልመዘገብንም ነበር። አመዱም ከሌላው አፈር ጋር ተደባልቆ ከግቢው ውጭ ተደፍቷል። ከቦታው የተነቀለ ፍሬ ቃሉን ግማሽ ያጣል፤ ያንን ያጠፋነው ቸኩለን የቆምነው እኛው ነን።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የቁምስናችን ምእመናን ጉድጓድ፣ መሠረት ወይም መቃብር ሲቆፈር የአመድ መስመር፣ ገል ወይም የወፍጮ ድንጋይ ቢያገኙ፣ ቁፋሮውን በዚያ በኩል ገታ አድርገው ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት እንዲያስታውቁ እንለምናለን፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህንኑ ግዴታ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ፣ ገና በሕይወት ያለ ቅርስ አለ። በየመንደሩ ያሉ አሮጊቶች የሚያውቋቸውን የማሽላና የዳጉሳ ዓይነቶች፣ በክፉ ቀን የሚበላውን የጫካ ሥርና ቅጠል ስም፣ በጉሙዝኛም በሽናሽኛም በአማርኛም ልጆች ጠይቀው እንዲጽፉ አድርጉ። አገራችን በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ማእከል አቋቁማ፣ ማእከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ስለዚህ ሥራቸው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ማከማቻው ዘሩን ሊያኖር ይችላል፤ ሴቲቱ የምታውቀውን ግን ከአፏ ያልሰማ አያኖረውም።

ለዚያ ወጣት የመለስንለትም ይህን ነበር፤ «ልጄ፣ ዘሩ የዘራው ሰው ነበር፤ ስሙን አናውቅም። ሳያውቀን አበላን። ዛሬ ባለዕዳዎቹ ነን፤ ባለዕዳ ደግሞ ከባለዕዳ ጋር በውርስ አይጣላም።» ወጣቱ መልሱ እንዳላረካው ከፊቱ ይታይ ነበር፤ ገፍተን አልተከራከርነውም። አካፋውን አንሥቶ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ፤ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱን መጨረስ ነበረባቸውና።